የሙሽራ ጫማ ነው ሲሏችሁ

የቅርስ ጥበቃ ሙያን የጀመራችሁ ልጆቼ፣

እኔ ያረጀሁት የጨርቅና የቆዳ ቅርስ ስጠብቅ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሴቶች ያደርጉት የነበረውን የሐር ጫማ ነው። ብዙ ጊዜ «የቅድመ አያታችን የሠርግ ጫማ» የምትል ብጣሽ ወረቀት አብራው ትመጣለች። ወረቀቷን አክብሯት፤ ጫማውን ግን ራሱን ጠይቁት።

ነጭ ካልሆነ የሙሽራ አይደለም አትበሉ። ነጭ የገነነው ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ማርታ ዋሽንግተን በ1759 ቨርጂኒያ ውስጥ ጆርጅ ዋሽንግተንን፣ ኋላ የአሜሪካ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነውን፣ ስታገባ ያደረገችው በብር ያጌጠ፣ ሐምራዊ፣ ባለታኮ የሐር ጫማ ነበር።

ቀጥሎ ሐሩን መርምሩ። ለንደን ውስጥ ስፒታልፊልድስ የሚባል የሸማኔዎች ሰፈር ነበር፤ በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ የፕሮቴስታንቶችን መብት ሲሽር የተሰደዱ ብዙ ሸማኔዎች የሰፈሩበት ነው። ለነዚህ ሸማኔዎች አበባ ትነድፍ የነበረችው አና ማሪያ ጋርትዌት ትባላለች። ከ800 በላይ ንድፎቿ ዛሬም በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አሉ፤ ብዙዎቹም ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸዋል። የጫማው አበባ ከአንዱ ጋር ከገጠመ የሐሩን ዕድሜ አገኛችሁ ማለት ነው። ወረቀቷ ሠርጉ በ1770 ነው ብትልና ሐሩ የ1740ዎቹ ሆኖ ቢገኝ ቤተሰቡን ዋሸ አትበሉ። ሐር ውድ ነበርና የእናት ቀሚስ ተፈትቶ ለልጅ ይሰፋል፤ ከቁራጩ ጫማ ይወጣል። የሁለቱ እግር አበባ ሳይመሳሰል ብታዩም ጫማ ሰፊው ጨርቅ ሲቆጥብ ይሆናል።

ቀኝና ግራ አትፈልጉ። ለባለታኮ ጫማ የቀኝና የግራ ፎርማ (ጫማው የሚሰፋበትን የእግር ቅርጽ) አጣምሮ መቅረጽ አስቸጋሪ ስለነበር ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይሰፉ ነበር፤ የሚለያዩት ሲደረጉ ነው። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ማሰሪያውን ነው። ዘለበቱ ተነቅሎ ወደ ሌላ ጫማ ይዛወራል፤ የጥርሱ ቀዳዳ ግን ማሰሪያው ላይ ይቀራል። ቀዳዳው ብዙ ከሆነ ሙሽሪት ከሠርጓ በኋላም ደጋግማ አድርጋዋለች። ምንም ከሌለ ጫማው ጨርሶ ሳይደረግ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሠርጉን ታሪክ እንደገና መመርመር ግድ ነው።

ያገኛችሁትንና ቤተሰቡ የነገራችሁን ለየብቻ መዝግቡ። አደራ፣ የጠቆረውን ብር አትወልውሉ፤ የብር ክር የሚባለው በሐር ክር ላይ የተጠመጠመ ስስ ብር ነው፤ ስትፈትጉት ብሩም ሐሩም ይሄዳል። ለእይታ ስታወጡትም መብራቱ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አይብለጥ፤ ብርሃን የበላውን ሐር የሚመልስ ባለሙያ የለም።