ወደ ሰፊ ባልዲ የተዛወረ እሬት ቅጠሉ ሲለሰልስ
እሬትሽን ደሴ ላይ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ) አፈር ወደሞላሽበት ሰፊ ባልዲ ካዛወርሽው በኋላ ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆኖ እንደለሰለሰ ጠይቀሻል። አብሽሪ እህቴ፣ የመሀሉ ቅጠል ጠንካራ ከሆነ ይድናል። ወደ ባልዲው ካዛወርሽው ወዲህ ቢጫ ሆኖ የለሰለሰው ውሃ ጠምቶት ሳይሆን ሥሩ ታፍኖ ነው፤ ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ አይለቅም፣ በደሴ ክረምትማ ጨርሶ አይደርቅም። ንቀይውና አፈሩን አራግፊ። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚሟሽሽና የሚሸት ሥር ካለ በንጹህ ምላጭ ጤነኛው ድረስ ቁረጪ፤ ቁስሉ እንዲደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ። መትከያው ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይስፋ፣ ከታች የግድ ቀዳዳ ይኑረው። 2 እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ 2 እጅ ቀላል አፈር፣ ግማሽ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅይ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በዚህ ከተከልሽው በኋላ ለ1 ሳምንት ውሃ አታጠጪው። ከዚያም ጣትሽን ሰደሽ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲደርቅ ብቻ አጠጪ።