ሚኒስትር መሆን ለምትፈልጉ ልጆች

ባለፈው እዚህ ኮዬ ፈጬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን አንዱ የጎረቤት ልጅ፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነው፣ "ጋሼ ሚኒስትር ለመሆን ከየት ነው የሚጀመረው?" አለኝ፣ ሰልፉ ሁላ ሳቀበት፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። እኔ ራሴ ሚኒስትር ሆኜ አላውቅም፣ አንድ መስሪያ ቤት እቅድና በጀት ክፍል ሰላሳ አመት ሰርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ግን ስንቱ ሲሾምም ሲሻርም ፋይል ይዤ እገባ ነበር።

ብዙዎቹ ከታች ነው የሚመጡት፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል ምክር ቤት፣ ቢሮ ኃላፊ፣ ከዛ ሚኒስትር ዴኤታ ምናምን እያሉ። ግን የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ከተወካዮችም ከፌዴሬሽንም፣ ውጪ ብቃት ያለው ሰው ማቅረብ ይችላል ይላል፣ ሹመቱን የሚያፀድቀው ተወካዮች ምክር ቤት ነው። (ፓርቲ የሌለው ሰው ስንቴ እንደሚጠራ እናንተው ገምቱት።)

እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፣ በጀት ማንበብ ልመዱ። አመቱ ሐምሌ 1 ይገባል ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ጥቅምት ላይ የተሾመ ሰው የአመቱ ብር ፀድቆ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ የሚሰራው ሌላ ሰው ባወጣው እቅድ ነው። ይሄ ያልገባው በየመድረኩ "እንሰራላችኋለን" እያለ ይዞርና መጨረሻ ላይ እኔን ጠርቶ "ከየት እናምጣው?" ይላል። አንዱ ሚኒስትር እንደገቡ መጋረጃና ሶፋ ነው ያስቀየሩት። ሌላው ደሞ ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዘው መደበኛው በጀት (ደሞዝና የስራ ማስኬጃው) የቱ ነው፣ ካፒታሉ (የግንባታና የፕሮጀክቱ) የቱ ነው እያሉ ሲጠይቁኝ ከረሙ፣ አልዋሻችሁም እንደሳቸው ያደከመኝ አለቃ የለም፣ ግን እሳቸውን በሪፖርት መሸወድ አይቻልም ነበር።

ምኒልክ በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፣ ከምርኮ ተነስተው፣ ምኒልክንም ኢያሱንም ዘውዲቱንም አይተው እስከሞቱበት 1919 ድረስ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ህዝቡ ግን የሚያወራላቸው ስልጣናቸውን ሳይሆን ፍርዳቸውን ነው፣ አባ መላ እያለ።

ሌላ፣ የሀብት ማስመዝገቢያ አዋጅ 668/2002 የሚባል አለ፣ የባል ወይ የሚስትም፣ ከ18 አመት በታች ያለ ልጅም ንብረት ይመዘገባል፣ ስለዚህ የምታገቡትን ሰው ቀድማችሁ አስረዱት፣ ስንት ቤት በዚህ ሲታመስ አይቻለሁ።

እኚያ ደብተር የሚይዙት መነሳታቸውን የሰሙት ከማታ ዜና ነው። ጠዋት እቃቸውን ሊሰበስቡ መጡ፣ አንድ ካርቶን ብቻ ነበረች፣ የመኪናዋን ቁልፍ አስረክበው ወደኔ ክፍል ብቅ አሉና ቀስ ብለው "ስማ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄደው አንበሳ አውቶቢስ ስንት ቁጥር ነው?" አሉኝ።