«ወራጅ አለ» ውስጥ ግሱ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረውም የማስተምረውም ኮዬ ፈጬ ነው። «ግስ ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» ብዬ አስተማርኩና ምሳሌ አምጡ ስላቸው አንዱ «ሩጫ» አለኝ። ሌላዋ «ወራጅ አለ» ከሚለው ውስጥ ግሱ «ወራጅ» ነው አለች። «ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ግሱን ስጠይቃቸው ደግሞ «ይኼ ግስ የለውም» ብለው ቁጭ አሉ። ምን ብዬ ላርማቸው?

መልስ፦ ልጆቹ እርስዎ ያሉትን ነው የደገሙልዎት። ሩጫ ድርጊት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ወራጅም መውረዱ አይቀርም። «ነው» ግን ሲሮጥም ሲወርድም ታይቶ አይታወቅም። የተበላሸው ብያኔው ስለሆነ ልጆቹን ማረም አያስፈልግም።

የቀድሞዎቹ የሰዋስው መምህራን ዓረፍተ ነገሩን ለሚጨርሰው ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚል ስም ነበራቸው። ስያሜው የሚናገረው ስለ ሥራው ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ያስረዋል። ለከተማ ዳር ልጅ በኩርቱ ፌስታል ያስረዱት። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ገብቶ አፉ ካልታሰረ ደረጃው ላይ ይበተናል። «ወንድሜ ትናንት ከገበያ ዳቦ» ብለው ዝም ይበሉ፤ «ምን?» ብለው ይጮኹብዎታል። «ገዛ» ሲሏቸው ያርፋሉ።

ማሰሪያውን ለይቶ ለማውጣት ደግሞ ልጆች የሚወዱትን ነገር ይጠቀሙ፦ መካድ። ዓረፍተ ነገሩን ይናገሩና «ውሸት ነው በሉኝ» ይበሏቸው። «ልጁ ሮጠ» ሲሉ «ልጁ አልሮጠም» ይላሉ። «ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው» ሲሉ «ቤታችን አራተኛ ፎቅ አይደለም»፤ «ወራጅ አለ» ሲሉ «ወራጅ የለም»። ከዚያ «የተለወጠው ቃል የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቤትም፣ ፎቅም፣ ወራጅም እንደነበሩ ናቸው፤ የተለወጠው ግሱ ብቻ ነው። ምናልባት አንዷ ቀልጠፍ ያለች ልጅ «ወራጅ»ን ራሱን ልካድ ብላ «አልወርድም» ትል ይሆናል። አይቆጧት። «ወረደ» የሚባል ግስ እንዳለ፣ «ወራጅ» ደግሞ ከእሱ የወጣ ስም እንደሆነ በራሷ መንገድ ደርሳበታለች። ሩጫና ሮጠም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ሰው መቀያየር ነው። አንዷን ከበሩ አስገብተው «መጣች»፣ አንዱን አስገብተው «መጣ»፣ ሁለቱን አንድ ላይ «መጡ» ያሰኟቸው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ «መጣች» ብቻዋን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። ስለዚህ ግድግዳ ላይ «በላ፣ ጠጣ፣ ሮጠ» ብሎ ደርድሮ መስቀል ብዙም አልወድም። መዝገበ ቃላት ግስን በሩቅ ወንድ (በ«እሱ») መመዝገቡ የመዝገበ ቃላት ልማድ ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን «በላ» ማለት አንድ ወንድ ልጅ በላ ማለት ነው። «በላሁ፣ በላሽ፣ በላች» ብለው ቢሰቅሉት ይሻላል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ። አዋቂው ሳይቀር «ምሳ በላው»፣ «አሁን መጣው» እያለ ይጽፋል፤ ስንናገር የ«ሁ» ድምፅ ስለሚሳሳ ጆሮ ያታልላል። «በላው» ግን «እሱ ያንን ነገር በላ» ማለት ነው። የበላሁት እኔ ከሆንኩ «በላሁ» ነው። ሰው የመቀያየሩን ጨዋታ በጽሑፍም ካደረጉት ይህ ስህተት ገና በአንደኛ ክፍል ይነቀላል።

«ቁጭ አለ» ሌላ ጣጣ አለው። ከአስተማሪ አፍ «ቁጭ በሉ!»ን ያህል የሚወጣ ነገር ስለሌለ ልጆቹ ማንሳታቸው አይቀርም። ሲክዱት «ቁጭ አላለም» ይሆናል፤ የሚለወጠው «አለ» ብቻ ነው፣ ትርጉሙ ያለው ግን «ቁጭ» ላይ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ግስ ያስከብቧቸው፤ ብድግ አለንም፣ ዝም አለንም እንደዚያው። ይህ «አለ» ላልቶ የሚነበበው ነው፤ የ«ወራጅ አለ»ው ይጠብቃል። «ቁጭ በሉ» እና «ልጆቹ ዳቦ በሉ» ላይም ያው ነው፦ የፊተኛው ይላላል፣ የኋለኛው ይጠብቃል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ጮክ ብለው እያነበቡ ያሰሟቸው።

«ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል» የሚለውን ለጽሑፍ ይያዙት። በንግግር ጊዜ «መጣች እንዴ እናትሽ?» እንላለን፤ ልጆቹ ይህን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ስህተትም አይደለም። ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩትን ደግሞ ወደኋላ የቀሩ አድርገው እንዳያዩአቸው። ኦሮምኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱንም በግሱ ያሳያል፦ «ዹፌ» መጣ፣ «ዹፍቴ» መጣች። እነሱ የሚቀራቸው ቃሉን መልመድ ነው።

«ልጁ ውሃ ጠጥቶ» ብሎ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ ቢገጥምዎት «ከዚያስ?» ብለው ይጠይቁት፤ «ተኛ» ብሎ ራሱ ያስረዋል። የቦዝ አንቀጽንና (እንደ «ጠጥቶ» ያለውን) የአርእስትን (እንደ «መጠጣት» ያለውን) ስም ግን ከላይ ላሉት ክፍሎች አስተማሪዎች ይተዉላቸው።