የታዳጊ አገሮች ዕዳና የአየር ንብረት ገንዘብ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ታዳጊ አገሮች ዕዳና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ገንዘብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕዳንና የአየር ንብረት ለውጥን ምን አገናኛቸው?

ጎርፍ ወይም ድርቅ ሲመጣ መንግሥት በሁለት በኩል ይጎዳል። ምርት ስለሚቀንስ ከግብር የሚያገኘው ገቢ ይወርዳል። ድልድይና ትምህርት ቤት መልሶ ለመሥራት ደግሞ ወጪው ይጨምራል። ክፍተቱን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው። ዶሚኒካ የምትባለውን ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ተመልከቱ። በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ያደረሰባት ጉዳት ከዓመታዊ ምርቷ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ይህን በቁጠባ መቋቋም የሚችል መንግሥት የለም።

ጥያቄ፦ ሀብታም አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን ብለው አልነበር? የት ደረሰ?

ቃሉ የተገባው በ2009 ኮፐንሃገን ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ነው። በ2020 ይሟላል ተብሎ በ2022 ተሟላ። ኦኢሲዲ (በአብዛኛው የሀብታም አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) እንዳሰላው የዚያ ዓመት ድምር 115.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። በ2024 ደግሞ ባኩ ላይ እስከ 2035 ድረስ በዓመት 300 ቢሊዮን ለማድረስ ተስማምተዋል።

እኔን ከመዘግየቱ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ከመንግሥታትና ከልማት ባንኮች ከመጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብድር ነው። አንዳንዱ ወለዱ ዝቅተኛ ነው፤ የእፎይታ ጊዜም አለው። ቢሆንም ተመላሽ ነው። ዓለምን በማሞቅ ድርሻዋ እዚህ ግባ የማይባል አገር ራሷን ከጎርፍ ለመከላከል ትበደራለች ማለት ነው። ይህ ፍትሕ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብድር ሁሉ መጥፎ ነው?

አይደለም። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ኤሌክትሪክ ይሸጣል፤ ከገቢው ዕዳውን ሊከፍል ይችላል። (ገቢው በአገር ውስጥ ገንዘብ፣ ዕዳው በዶላር መሆኑ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።) የጎርፍ መከላከያ ግንብ ግን የሚሸጠው ነገር የለም። ሕይወት ያድናል እንጂ ገቢ አያስገባም። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሥራ በስጦታ የሚመጣ ገንዘብ ነው የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ፓኪስታን ከ2022ቱ ጎርፍ በኋላ በቢሊዮን የሚቆጠር እርዳታ አገኘች ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ቃል ተገብቶላታል። ጉዳቱና ኪሳራው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በ2023 መጀመሪያ ጄኔቫ ላይ ከ9 ቢሊዮን በላይ ቃል ተገባ። አብዛኛው ግን ብድር ነው።

ጥያቄ፦ ዕዳን በተፈጥሮ ጥበቃ መለወጥ የሚባለው ይሠራል?

በመጠኑ። የመካከለኛው አሜሪካዋ ቤሊዝ በ2021 የ553 ሚሊዮን ዶላር ቦንዷን (ለባለሀብቶች የሸጠችውን የብድር ሰነድ) በአንድ ዶላር 55 ሳንቲም ሒሳብ መልሳ ገዛች። በምላሹ ከባሕሯ 30 በመቶውን ልትጠብቅ ቃል ገባች። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ድርድሩ ረጅም፣ የአማካሪዎች ክፍያውም ከባድ ነው። ዕዳዋ ከአቅሟ በላይ የሆነ አገር በዚህ ብቻ አትድንም። ሽግሽግ (የአከፋፈሉን ውል እንደገና መደራደር) ወይም ስረዛ ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ ሽግሽጉ ለምን ይህን ያህል ይጓተታል?

አበዳሪው ስለበዛ ነው። ዛምቢያ በኅዳር 2020 የቦንድ ክፍያ አቋረጠች። በቡድን 20 (የትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ) የጋራ የዕዳ ሽግሽግ ማዕቀፍ በኩል ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር በመርህ ደረጃ የተስማማችው በሰኔ 2023 ነው። ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የጨረሰችው ደግሞ በ2024። በዚያው ዓመት ከባድ ድርቅ መታት፤ የካሪባ ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት ጠፋ። ገና ከዕዳው ሳትወጣ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎ አንድ ነገር ይምረጡ ቢባሉ ምን ይመርጣሉ?

በብድር ውሉ ውስጥ አስቀድሞ የሚጻፍ የአደጋ አንቀጽ። ሌላዋ የካሪቢያን ደሴት ግሬናዳ በ2004 ኢቫን በተባለው አውሎ ነፋስ ተመትታ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነበር። በ2015 ዕዳዋን ስታሸጋሽግ፣ አውሎ ነፋስ ከመታት ክፍያ ለጊዜው እንዲቆም የሚል አንቀጽ አስገባች። በሐምሌ 2024 ቤሪል መጣ። አንቀጹን ተጠቀመችበት፤ ክፍያው ተገፋላት። የማንንም ደጅ አልጠናችም። ገንዘቡ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት እጇ ላይ ቀረ።

ጉድለትም አለው። ዕዳው ይገፋል እንጂ አይሰረዝም። የዓለም ባንክም ከ2023 ጀምሮ ተመሳሳይ አንቀጽ መስጠት ጀምሯል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ለትናንሽ አገሮች ነበር። ድርቅ የሚያጠቃቸው ትልልቅ አገሮችም ሊያገኙት ይገባል። ተደራዳሪዎቻችሁን ይህን ጠይቁ፦ በሚቀጥለው ውል ውስጥ ድርቅ በስሙ ተጽፏል ወይ?

ጥያቄ፦ ዕዳ ይሰረዝ ማለትስ ምኞት ብቻ ነው?

አይደለም፤ ከዚህ በፊት ሆኗል። በ1996 በተጀመረውና በ2005 በሰፋው ዕቅድ ከ30 በላይ ድሃ አገሮች ዕዳ ተቀንሶላቸዋል። ያኔ አበዳሪዎቹ በዋናነት መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ተቋማት ነበሩ። ዛሬ የግል ቦንድ ገዢዎች በዝተዋል። ውሎቻቸውም በአብዛኛው የሚዳኙት በእንግሊዝ ወይም በኒው ዮርክ ሕግ ነው። ብሪታንያ በ2010 ባወጣችው ሕግ የስረዛው ዕቅድ የሚመለከታቸውን አገሮች የድሮ ዕዳ ሙሉውን በፍርድ ቤት ማስከፈልን ከልክላለች። ያ ሕግ አዲሱን ዕዳም እንዲሸፍን፣ ኒው ዮርክም ተመሳሳይ እንድታወጣ ግፊት ማድረግ የሚቻል ነው። እኔ ጉልበቴን የማውለው እዚያ ላይ ነው።