አቋም ከመያዛችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ቢሮዬ ለልምምድ የምትመጡ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ሰው መቼ ነው አቋም መያዝ ያለበት?» ትላላችሁ። ይህን ስትሉኝ የሚታወሱኝ አንድ ካህን ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሳቸው የሞቱት ካቶሊክ ሆነው ነው። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።

በ1791 ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። መርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው ተማሩ፣ መነኮሱም። ታሪካቸውን የሚያወሩ ሰዎች ከዚህ ተነስተው በቀጥታ ወደ እስራታቸው ሰንሰለት ይዘላሉ። እኔ የምወደው ግን መሃሉን ነው።

የምንኩስና ሕይወት ለምን ተዳከመ የሚል ጥያቄ ያዛቸው። መልሱን ፍለጋ ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍት አገላበጡ። ጎንደር ደረሱ። ያኔ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ወገን ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር። አንዱን ወገን ይዞ መጮህ ቀላል ነው፤ የዛሬን ቲክቶክ አስቡት። እሳቸው ግን ጥያቄያቸውን ይዘው ቀጠሉ።

በ1841 የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጣ ልዑክ ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤልም አብረው ሄዱ። ከልዑኩ ጋር አቡነ ያዕቆብ እየተባሉ የሚታወቁት ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ዩስቲኖ ደ ያቆቢስ ነበሩ። ካይሮን፣ ሮምንና ኢየሩሳሌምን አዩ። ከካይሮ ተሹመው የመጡት ጳጳስ ገና በወጣትነት ዕድሜ ላይ የነበሩት አቡነ ሰላማ ናቸው።

ሮምን አይተው ተመለሱ እንጂ እዚያው ሃይማኖታቸውን አልቀየሩም። አገራቸው ገብተው እንደገና ጠየቁ፣ ተከራከሩ። ካቶሊክ የሆኑት በ1844 ነው፤ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ። ቅስና የተቀበሉት ደግሞ በ1851፣ ወደ ስድሳ ሲጠጉ። በሃያ አምስት ዓመታችሁ «ጊዜዬ አለፈ» የምትሉኝ ልጆች እዚህች ጋ ትንሽ ቆም በሉልኝ።

ከዚያ ነገሩ ከፋ። ደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ለመንገሥ የጳጳሱ ድጋፍ ያስፈልጋቸው ነበር። አቡነ ሰላማ ደግሞ ካቶሊኮቹ ከአገር እንዲወጡ ይፈልጉ ነበር። ፖለቲካውና ሃይማኖቱ ተገናኙ። በ1854 አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ጎንደር ላይ ታሰሩ። እግራቸው ግንድ ውስጥ ገባ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር ተባረሩ።

ካዱ ተባሉ። እምቢ አሉ። ተገረፉ። እንደገና ካዱ ተባሉ። በግንቦት 1855 ሞት ተፈረደባቸው፣ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን አማልደው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በሰንሰለት ታስረው የንጉሡን ጦር ተከትለው ይጎተቱ ጀመር። ያን ጊዜ ኮሌራ አገሩን እየፈጀ ነበር። ኦገስት 28 ቀን 1855 መንገድ ላይ አረፉ። በ1926 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው አወጁላቸው።

እንደ ጠበቃ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። በያንዳንዱ ቀን የእስር ቤቱ ቁልፍ በራሳቸው አፍ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅባቸው። «ብቻ ልውጣ እንጂ ያሉትን እፈርማለሁ» የሚል ደንበኛ ብዙ አይቻለሁ፤ አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት፣ ቤት ኪራይ አለበት። ሰማዕትነትንም ለማንም አልመክርም። የአባ ገብረ ሚካኤል እምቢታ ግን የግትር ሰው እምቢታ አይመስለኝም። ግትር ሰው የሌላውን መጽሐፍ አይገልጥም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲገልጡ ነው የኖሩት። ስለዚህ ግንዱ ውስጥ ሆነው አዲስ የሚወስኑት ነገር አልነበራቸውም።

አሁን ከእናንተ አንዱ «ቴዎድሮስን አትንኩብን» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔም እወዳቸዋለሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ስማቸውን በያዘው አደባባይ የሴባስቶፖልን አምሳያ ሳልፍ ዛሬም ደስ ይለኛል። የተበታተነ አገር ለመሰብሰብ የተነሱ ንጉሥ ናቸው፣ ይህም በዘመናቸው ሆነ። ሁለቱንም ያዙት፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። አቡነ ሰላማም ቢሆኑ ኋላ ከዚያው ንጉሥ ጋር ተጣልተው በ1867 መቅደላ ላይ እስረኛ እንደሆኑ ነው የሞቱት።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ብትወጡ ደግሞ አቡነ ጴጥሮስን ታገኛላችሁ። በ1936 ፋሺስት ጣሊያን በጥይት የገደላቸው የኦርቶዶክስ ጳጳስ ናቸው፤ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው። የበዳይና የተበዳይ ሒሳብ በሃይማኖት ለሚሠራ ሰው እነዚህ ሁለት ታሪኮች ስሌቱን ያበላሹበታል። እሰየው፣ ይበላሽ።

በ1855 ለአባ ገብረ ሚካኤል ጠበቃ ቢቆምላቸው እንኳ የሚጠቅሰው አንቀጽ አልነበረም። እናንተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 አላችሁ፤ ሰውን በእምነቱ ማስገደድን ይከለክላል። እስካሁን ለፈተና ብቻ ሸምድዳችሁት ከሆነ ይህን ታሪክ አጠገቡ አድርጋችሁ እንደገና አንብቡት። ሰኞ ጠዋት እንነጋገርበታለን፣ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።