"230 ፈረስ" ሲሉህ፣ ከየት ላይ ተለክቶ በል

ሰላም ወንድሜ። ጅቡቲ ያለው ወንድምህ ለፈጣን ጀልባ ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች አይቷል። አንዱ በፈረንጅ 1979 የተሠራ ቱ ስትሮክ (ፒስተኑ በየሁለት ምቱ አንዴ የሚያቀጣጥል) ነው፤ ሻጩ "ተነካክቶ 230 ፈረስ ይሰጣል" ብሎ የመለኪያ ወረቀት ያሳያል። ሌላው ፎር ስትሮክ (በየአራት ምቱ አንዴ የሚያቀጣጥል) ነው፤ ገና አዲስ ነገር፣ ላዩ ላይ 147 ኪሎዋት ተጽፎበታል። የትኛው ይበረታል ነው ጥያቄህ። "230 ይበልጣላ፣ ይሄ ምን ያጠያይቃል" ያሉህን ሰዎች አትስማቸው አቦ። ድሬ ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት ጅቡቲ ሰባት ዓመት የጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት።

ኪሎዋቷን ቶሎ እንጨርሳት። ፈረስ ጉልበት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ 735.5 ዋት፣ የእንግሊዞቹ 745.7 ዋት። ስለዚህ 147 ኪሎዋት በአንዱ 200፣ በሌላው 197 ይመጣል። በዚህ ማንም አይጣላም።

የሚያጣላው ከየት ላይ ተለካ የሚለው ነው። ድሮ ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት የሞተሩ የውስጥ ዘንግ ላይ ይለኩ ነበር። ማርሹ፣ ዘንጉ፣ የውሃ ፓምፑ የሚበሉት አይቆጠርም። ከፈረንጅ 1980ዎቹ ወዲህ ግን አምራቾቹ ፕሮፔለሩ ከሚታሰርበት ዘንግ ላይ ለክተው ነው የሚጽፉት፤ አይኤስኦ 8665 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብም ይኸው ነው። የመርከሪ ሬሲንግ 450አር የጀልባ ሞተር፣ ያ ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት የሚያስገባ) ያለው 4.6 ሊትሩ፣ 450 ሲባል ከፕሮፔለር ዘንጉ ነው። የመኪና 450 ግን ከክራንኩ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ጤፍና ገብስ በአንድ ቁና እየሰፈረ ነው።

ሁለተኛው፣ በምን አየር ተለካ? ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ደንበኛ 15 ፈረስ ቱ ስትሮክ በአይሱዙ ጭኖ ከጅቡቲ አመጣልኝ፣ "ደክሟል፣ ለካልኝ" ብሎ። ዳይኖ፣ የሞተር ጉልበት መለኪያው ማሽን፣ ከየት ይምጣ? ፕሮፔለሩን አውልቄ ዘንጉ ላይ ከበሮ አሰርኩ፤ ከበሮውን በሁለት እንጨት አጣብቄ ግማሽ ሜትር ክንድ አወጣሁለት፤ የክንዱን ጫፍ ከሥጋ ቤት በተዋስኩት ተንጠልጣይ ሚዛን ያዝኩት። ረዳቴ ውሃ ያፈስበታል፣ እንጨቱ ይጨሳል፣ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ መጣ። ዘንጉ በደቂቃ 2,400 ሲዞር ሚዛኑ 7.8 ኪሎ አለ። ኪሎውን በክንዱ ርዝመት በሜትር፣ ከዚያ በዙሩ ታባዛና ለ716 ታካፍላለህ፤ 13 ፈረስ።

ሰውዬው "ሁለቱ ፈረሶች የት ሄዱ? ሸጥካቸው?" አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ካርቡራተር ስፈታ፣ ካንዴላ ስቀይር ዋልኩ፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ጅቡቲ ተመልሶ ባሕር ላይ ሲወጣ ግን እንደ ጥንቱ ሮጠ! ድሬ እኮ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ በዚያ ላይ የዚያን ቀን ሙቀት 38 ዲግሪ ነበር፣ እሱም ሁለት ሦስት በመቶ ይቀንሳል። ያው 13። አንተ ጋ ሐረር አምጥተን ብንለካው ደግሞ ሦስት ፈረስ ገደማ ይጎድል ነበር።

ስለዚህ ዳይኖ ያላቸው ሰዎች ያገኙትን ቁጥር ወደ አንድ አየር ያስተካክሉታል። ችግሩ፣ ያ አየር ራሱ አንድ አይደለም። በድሮው የአሜሪካ ስሌት አየሩ 15.5 ዲግሪ ነው፤ አሁን ከተለመደው የ25 ዲግሪ ስሌት ወደ 4 በመቶ ያበዛል። የሻጩ ወረቀት በዚያ ከሆነ 230ው 221 ይሆናል። ከክራንኩ ከተለካ ደግሞ ለማርሹ 5 በመቶ ብቻ ብታነሳለት እንኳ 210 ላይ ትወርዳለህ። ከ45 ዓመት በላይ የሆነው ቱ ስትሮክ በ210፣ ገና አዲስ የሆነው በ197። እኔ ብሆን አዲሱን ነው የምገዛው፤ ቱ ስትሮኩ የሚጠጣውን ቤንዚን ሳላነሳ ማለት ነው።

ደግሞ ወንድምህ ፈረስ አይደለም የሚገዛው፣ ፍጥነት ነው። በውሃው ላይ ላዩን እየተንሸራተተ በሚሮጥ ፈጣን ጀልባ ፍጥነቱ የሚጨምረው በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ነው። በ200 ፈረስ 70 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በእውነተኛ 230 ቢሆን 75 ነው።

ሁለቱንም በአንድ ጀልባ፣ በእኩል ቤንዚንና በእኩል ሰው ያውጣቸው። በስልኩ ጂፒኤስ ሲሄድም ሲመለስም ለክቶ አማካዩን ይያዝ፤ ነፋሱና ሞገዱ ያታልላሉ። ዙሩንም ይጻፍ። በ5,500 ዙር ጉልበቱን የሚሰጥ ሞተር 4,700 ላይ ከቆመ ፕሮፔለሩ ከብዶታል፣ የተጻፈውን ፈረስ በጭራሽ አያየውም። ፒቹን፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበትን ርቀት፣ በአንድ ኢንች ሲቀንሱት ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

የሁለቱም ፕሮፔለር ላይ የተቀረጹ ቁጥሮች አሉ፣ ዲያሜትርና ፒች። ፎቶ አንስቶ ይላክልህና እዚሁ ለጥፈው፤ ማታ ጋራዡን ስዘጋ አሰላልሃለሁ።