ጦር የሚያመጣው ሃይማኖት ነው ወይስ ፖለቲካ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው «ሃይማኖት ባይኖር ጦርነት ባልኖረ ነበር» ሲለኝ፣ እኔ «ጥፋቱ የፖለቲከኞች ነው» ብዬ ተከራከርሁ። ነገሩ ከርሮ ተኳረፍን። ከሁለታችን ማን ልክ ነው? እንዲህ ሆኜስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እርሱን ለመርታት ብለሽ ሃይማኖተኛውን ሁሉ ነፃ አታውጪ። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ «የሚገድላችሁ ሁሉ እግዚአብሔርን እንደሚያገለግል የሚመስልበት ሰዓት ይመጣል» ብሏቸዋል (ዮሐ. 16፥2)። ወንጌል ያልሸሸገውን እኛ ልንሸሽግ አይገባም።

የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን ተመልከቺ። ብዙዎቻችን የሃይማኖት ጦርነት ብቻ አድርገን እንተርከዋለን። ንጉሡ ግን ወደ ሮም ያዘነበሉት በኢየሱሳውያን (በካቶሊክ ሚስዮናውያን) ስብከት ብቻ አልነበረም። ዙፋኑን በጦርነት የያዙ፣ ዓመፅ ያላረፈላቸው ሰው ነበሩ፤ ከአውሮፓ ወታደርና ነፍጥ ይመጣልኛል ብለውም ተስፋ አድርገዋል። በ1618 ዓ.ም. ከሮም በተላኩት ፓትርያርክ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮሙ ፖፕ ለመታዘዝ ማሉ። ምእመናን ዳግም ይጠመቁ፣ ካህናት ዳግም ይሾሙ ተባለ። ሕዝቡ ይህን አልታገሠም፤ በላስታ የተነሣው ዓመፅ ወደ 1624ቱ የወይና ደጋ ጦርነት አደረሰ። ንጉሡ አሸነፉ፤ በሜዳው የወደቁት ግን የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ፤ ስምንት ሺህ ያህል እንደሆኑ ይነገራል። በዚያው ዓመት «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ ዙፋኑ ለልጃቸው ለፋሲል ተላለፈ። እምነቱና ዙፋኑ በአንድ ዐዋጅ ታሰሩ። የተዋሕዶ ልጅ ነኝና በሃይማኖቱ መመለስ ደስ ይለኛል፤ በዚያ ደም ግን ደስ ሊለኝ አይችልም።

ስለዚህ የጦሩ መነሻ ብዙ ጊዜ የሥልጣን ጥም ነው እላለሁ። ሐዋርያው ያዕቆብም «ጦርና ጠብ ከወዴት ይመጣሉ?» ብሎ ጠይቆ ወደ ሰው ምኞት ያመለክታል (ያዕ. 4፥1)። በዚህ ወደ እውነቱ አንቺ ትቀርቢያለሽ። ፍርዱ የሚከብደው ግን በእኛ በአገልጋዮቹ ላይ ነው፤ ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታልና። ፖለቲከኛው ጠላት ሲፈልግ መስቀላችንን ካላዋስነው ጠቡ የእርሱ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በእኛው ቤት የሆነውን አስቢ። ሲኖዶሳችን የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በዶግማ አልተለያየንም፤ ቅዳሴው ያው፣ ጾሙ ያው። ቁስሉ የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው፤ ተሸክመን ባሕር ያሻገርነው ግን እኛው ነን። በአሜሪካ አንዱ አጥቢያ «የስደተኛው»፣ ሌላው «የአገር ቤቱ»፣ ሦስተኛው «ገለልተኛ» እየተባለ፣ አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች በተለያየ ደብር አስቀደሱ። በ2010 ዓ.ም. ዕርቁ ወርዶ ሁለቱ ወገኖች የተወጋገዙት ውግዘት እስኪነሣ ድረስ ስንቱ በዚያ ኩርፊያ እንዳለ አረፈ! ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለ ቁርባኑ፦ ጌታ «በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፤ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ብሏል (ማቴ. 5፥24)። ባልደረባሽ እምነትሽን አለመጋራቱ ከዚህ ትእዛዝ አያወጣሽም። ክርክሩን እንደገና ሳትከፍቺ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው። አልቀበልም ካለሽም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እርሳቸው ቅረቢ ሲሉሽ ትቀርቢያለሽ።